ወዳጅ የሌለው ልኬት

ዶክተር ፕሬንቲስ ሃርግሮቭ ቶርኔዶ የሚባለውን፣ ቤት ነቅሎ የሚወስድ አዙሪት ነፋስ በዓይኑ አይቶ አያውቅም። ይህን የምለው ላማው ፈልጌ አይደለም፤ ራሱ በኩራት የሚናገረው ነገር ነበር። ጎብኚዎች በመጡ ቁጥር ትልቁ ስክሪን ፊት ቆሞ፣ አንድ እጁን ኪሱ ከትቶ፣ «ሠላሳ ዓመት ቶርኔዶ አጥንቻለሁ፤ አንድም ቀን ግን ጫማዬን ጭቃ ነክቶት አያውቅም» ይላል። ጎብኚዎቹ ይስቃሉ። ከጀርባው ኮምፒውተሩ የፈጠረው ቶርኔዶ በቀይና በሐምራዊ ቀለም ይሽከረከራል፤ ሲያልቅ እንደገና ይጀምራል። ያንን ፊልም ለመሥራት ማሽኑ ዘጠኝ ቀን ፈጅቶበታል። እውነተኛው ቶርኔዶ አንዲት ከተማ ጠርጎ ለማለፍ የፈጀበት ሃያ ሁለት ደቂቃ ነበር፤ ዶክተሩን ግን የሚማርከው ራሱ የፈጠረው እንጂ በእውን የተፈጠረው አልነበረም።

እኔ ዴልመር ኮትስ እባላለሁ። ዶክተሩ በሚመራው የአየር ጠባይ ቤተ ሙከራ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የመለኪያ ጣቢያዎች ጠጋኝ ሆኜ ሠርቻለሁ። በምዕራብ ኦክላሆማ ስንዴ መሐል የቆሙ ሠላሳ አንድ የብረት ማማዎች ነበሩኝ። ሙቀት፣ ነፋስና እርጥበት ይለካሉ፤ የለኩትን በየአምስት ደቂቃው ለኮምፒውተሩ ይልካሉ። ላም ሲታከክባቸው፣ ተርብ ጎጆ ሲሠራባቸው፣ መብረቅ ሲመታቸው የምጠራው እኔ ነኝ። ዶክተሩ በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም። «ካቻቢቴ» ነበር የሚለኝ። እኔ ፊት ለፊት «እርስዎ» እለዋለሁ፤ እዚህ ግን ማንም አያስገድደኝም።

የዶክተሩ ሞዴል፣ ማለት የአየሩን ጠባይ አስቀድሞ የሚያሰላው የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ መጥፎ ነበር አልልም። ሰማዩን እንደ ጡብ ክምር በትንንሽ ኩብ ይከፋፍለዋል፤ ለእያንዳንዱ ኩብ ሙቀቱን፣ እርጥበቱንና የነፋሱን አቅጣጫ ሰጥቶ፣ ከጎረቤቱ ጋር ተጋፍቶ ምን እንደሚሆን ያሰላል። መነሻውን በጥቂቱ እየለዋወጠ ይህንኑ አሥራ ስምንት ጊዜ ይደግመዋል። ከአሥራ ስምንቱ ብዙዎቹ ክፉ አውሎ ነፋስ ካሳዩ፣ ሰው ይጠንቀቅ ይባላል። ብዙ ጊዜ ልክ ነበር። አንዳንዴም ሰማዩ ገና ጥርት ብሎ ሳለ፣ ስድስት ሰዓት አስቀድሞ፣ የትኛው ወረዳ እንደሚመታ ሲናገር ሰምቼ ጸጉሬ ቆሟል።

ችግሩ አነሳሱ ላይ ነው። ሞዴሉ ከባዶ አይነሳም፤ ከአንድ ሰዓት በፊት ራሱ ከገመተው ነገር ይነሳል። የእኔ ማማዎች ግምቱን ያርሙለታል። ነገር ግን አንድ ልኬት ከግምቱ እጅግ ከራቀ ሞዴሉ ልኬቱን ጥሎ ግምቱን ይይዛል። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም፤ መሣሪያ ይበላሻል። ከመጣሉ በፊትም አንድ ዕድል ይሰጠዋል፦ በቅርብ ያለ ሌላ ጣቢያ ተመሳሳይ ነገር ከተናገረ ሁለቱም ይታመናሉ። ይህን «የወዳጅ ፍተሻ» ይሉታል። ወዳጅ ያለው ልኬት ይገባል፤ ወዳጅ የሌለው ውድቅ ይሆናል። የወደቁት ልኬቶች በየሰዓቱ ታትመው እኔ ጠረጴዛ ላይ ይወረወራሉ፤ ሄጄ የተበላሸውን እንድጠግን። ያንን ወረቀት «ምናልባት እውነት ይሆን?» ብሎ የሚያነብ ሰው በቤቱ ውስጥ አልነበረም። እኔም ብዙ ጊዜ አላነበብኩትም።

በግንቦት ወር፣ አንድ ሐሙስ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የመጣው ወረቀት አንድ መስመር ብቻ ነበረው። «ሳንድ ፎርክ። ጤዛ ነጥብ 70። ግምት 59። ወዳጅ የለም። ውድቅ።»

ጤዛ ነጥብ አየሩ ምን ያህል ውሃ እንደተሸከመ በፋራናይት ዲግሪ የሚናገር ቁጥር ነው። ሃምሳ ዘጠኝ ሲሆን ሰው ሸሚዙን ለብሶ ይሠራል። ሰባ ሲሆን ሸሚዙ ጀርባው ላይ ይጣበቃል፤ ደመናም ነዳጅ ያገኛል። ያን ቀን ከላይ ሞቃትና ደረቅ አየር እንደ ክዳን ተደፍቶ ነበር። ከሥሩ ያለው ድስት በሃምሳ ዘጠኝ ክዳኑን አያነሳውም። በሰባ ግን ገልብጦ ይጥለዋል።

የሳንድ ፎርክን ማማ ከስምንት ቀን በፊት ራሴ ፈትሼው ነበር። ሰባ ካለ ሰባ ነው። ምስክር ሊሆነው የሚችለው፣ በአሥራ አራት ማይል ርቀት ያለው የቤከር ሂል ጣቢያ ደግሞ ባትሪው ከሞተ ስድስት ቀን ሆኖታል። ባትሪውን መኪናዬ ላይ ጭኜ ልወጣ ስል ነው ዶክተሩ አስቁሞኝ፣ ከዋና ከተማው ታላላቅ እንግዶች ስለሚመጡ ስድስት አዳዲስ ስክሪኖች ግድግዳ ላይ እንድሰቅል ያዘዘኝ። «ባትሪው የትም አይሄድም፤ እንግዶቹ ግን ይሄዳሉ» አለኝ። ሰቀልኩ። ውሃ ልክ ይዤ፣ አንዱም ሳይዛነፍ ነው የሰቀልኩት። በዚያ ወር ከሠራሁት ሥራ ሁሉ እጅግ የሚያሳፍረኝ እሱ ነው።

ሳንድ ፎርክ እህቴ ናዲን የምትኖርበት ከተማ ነው። ባሏ ሮይስ ክሊወር የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር ነው። ያን ዕለት ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ አርባ ሦስት ተማሪዎች ሊመረቁ ነው፤ በእግር ኳስ ሜዳው ላይ፣ ስድስት መቶ ሰው ትሪቡኑ ላይ ተቀምጦ፣ ናዲን ሣሩ መሐል ኦርጋን እየመታች። ጣራ የለ፣ ግድግዳ የለ።

ወረቀቱን ይዤ ወደ ትንበያ ክፍሉ ገባሁ። ዶክተሩ ጥሬ የሰሌሪ አገዳ እየቆረጠመ ፊልሙን ያያል። ትዋይላ፣ የቀኑ ተረኛ ተንባይ፣ ከኮምፒውተሯ ጋር ተፋጥጣለች።

«ዶክተር፣ ሳንድ ፎርክ ወድቋል» አልኩት።

«እና ካቻቢቴህን ይዘህ ሂዳ።»

«መሣሪያው ደህና ነው። ባለፈው ሳምንት ራሴ ነኝ የፈተሽኩት።»

«ተርብ ገብቶበት ይሆናል።»

«ተርብ የገባበት ሌላ ጣቢያ ነው። እሱም የዛሬ ሁለት ዓመት።»

«ተርብ ደግሞ የጣቢያ ስም አንብቦ ነው እንዴ የሚገባው?» አለ። ከኋላ የተቀመጡት ሁለት የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ሳቁ። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ የሚስቅ ሰው ምንጊዜም አይጠፋም።

«ሰባ ከሆነ ክዳኑ ይከፈታል፣ ዶክተር።»

«ከአሥራ ስምንቱ አንዱም አላሳየም።»

«ከየት አምጥተው ያሳዩ? አሥራ ስምንቱም እኮ ሃምሳ ዘጠኝ ተብለው ነው የተነሱት። ለአሥራ ስምንት ሰው አንድ ውሸት ነግሮ ጠዋት ከቤት ማስወጣትና ማታ ላይ ‹ሁሉም ተስማምተዋል› ማለት ነው!»

ሰሌሪውን አስቀመጠ። «ስማ ልጄ» አለኝ። በአራት ዓመት እበልጠዋለሁ። «አንድ ማማና አንድ ሞዴል ሲጣሉ፣ የሚዋሸው የቱ ይመስልሃል? አንደኛው ላም የሚታከክበት ብረት ነው። ሌላኛው የዕድሜዬ ሥራ ነው።»

«እሱን ነው የፈራሁት።»

«ምን አልክ?»

«ቁጥሩን በእጅ ያስገቡልኝ ነው የምለው። አንዴ ብቻ።»

«በሙከራ ወቅት ማንም በእጁ ቁጥር አይነካም። ደንቡን የጻፍኩት እኔ ነኝ። በል፣ ሦስተኛው ስክሪን ትንሽ ብልጭ ድርግም ይላል፣ እየው።»

ወጣሁና መተላለፊያው ላይ ቆሜ ለሮይስ ደወልኩለት።

ስለ ሮይስ አንድ ነገር መባል አለበት። ከዚያ በፊት በነበሩት ሁለት ዓመታት ከቤተ ሙከራችን ቀይ የማስጠንቀቂያ ካርታ ደርሶት ምረቃውን ወደ ቅርጫት ኳስ አዳራሹ አዛውሯል። ሁለቱንም ጊዜ ጠብታ አልወረደም። አዳራሹ ውስጥ ሰዉ በላብ ሲቀቀል፣ አንዲት አሮጊት ተዝለፍልፈው ሲወድቁ፣ ውጭ ፀሐይዋ እንደ ቅቤ ትፈስ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስሙ «ሮይስ ዣንጥላ» ሆነ። ቁርስ ቤቱ ውስጥ ከሚቀመጥበት ወንበር በላይ እውነተኛ ዣንጥላ ሰቅለውለታል፤ ሮዝ፣ የሕፃን።

«ሮይስ፣ ዴልመር ነኝ።»

«አውቄያለሁ። በምረቃ ቀን ከእናንተ ቤት ሲደወል ሆዴ ይነግረኛል።»

«ዛሬ ማታ ሜዳው ላይ ባትወጡ ይሻላል።»

«ቆይ፣ ቆይ። ጠዋት የላካችሁትን ወረቀት ይዤዋለሁ። ምን ዓይነት ቀለም እንዳለው ታውቃለህ? አረንጓዴ! ሁለት ዓመት ሙሉ ቀይ እየላካችሁ ሕዝቡን አስቀቀላችሁኝ። ዘንድሮ አረንጓዴ ሲመጣ ናዲን በደስታ አለቀሰች። አሁን ደግሞ በአረንጓዴው ፍራ ልትለኝ ነው?»

«ወረቀቱን የላከው ሞዴሉ ነው። እኔ የምነግርህ ማማው ያለውን ነው። ሰባ ይላል።»

«ሌሎቹስ?»

«የእናንተን አካባቢ የሚያየው ቤከር ሂል ብቻ ነው። እሱ ደግሞ ሞቷል።»

«የሚጠግነው ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ጥሩ ሰዎች ናችሁ» አለና ስልኩን ዘጋው።

እዚያው ግድግዳውን ተደግፌ ቆሜ ሳለ ትዋይላ ባዶ ኩባያ ይዛ ወጣች። ውሃ ልትቀዳ የመጣች መስላ አጠገቤ ቆመች።

«ደንቡ የሚለው ቁጥር አትንኩ ነው» አለች ወደ እኔ ሳታይ። «አዲስ ምስክር አትቀበሉ አይልም።»

«የምን ምስክር?»

«ድሮ ገበሬዎች በእጃቸው ለክተው በስልክ ይናገሩ አልነበር? እነሱን የሚቀበለው ቅጽ ፕሮግራሙ ውስጥ እስካሁን አለ። ማንም አላጠፋውም፤ ማንም ስለማያየው። በሃያ ማይል ውስጥ በእጅ የተለካ ልኬት ካለ ማሽኑ እንደ ወዳጅ ይቆጥረዋል።» ኩባያዋን ሳትቀዳበት ይዛው ተመለሰች። በሩ ላይ ዞር ብላ፣ «የለካው ሰው ስምና ሰዓት ያስፈልገኛል። ፈጠን በል» አለች።

ለሮይስ እንደገና ደወልኩ። ሦስት ጊዜ ጠርቶ አነሳው።

«አንተ ሰውዬ፣ ወንበር እያስደረደርኩ ነው!»

«ሳይንስ ክፍሉ ውስጥ ቴርሞሜትር አለ?»

«አለ።»

«ሁለት አምጣ። የጥጥ የጫማ ማሰሪያ ቆርጠህ በውሃ ንከርና የአንደኛውን ጫፍ ጠቅልልበት። ሁለቱንም በገመድ እሰርና ጥላ ሥር ቆመህ ሁለት ደቂቃ አሽከርክራቸው። ከዚያ ሁለቱን ቁጥሮች ንገረኝ።»

«በዚህ ሁሉ ሰው ፊት?»

«አዎ።»

«ዣንጥላው አልበቃ ብሎ!»

«ሮይስ፣ እህቴ ሜዳው መሐል ነው የምትቀመጠው።»

«የእኔም ሚስት ናት» አለ በቁጣ። ግን ሲራመድ፣ በር ሲከፍት፣ መሳቢያ ሲስብ ሰማሁት። ስልኩን ኪሱ ውስጥ ሳይዘጋ ከቶታል።

ቀጥሎ የሰማሁትን አልረሳውም። የገመዱ ሽውታ ይሰማል፤ ከሩቅ ደግሞ ወንበር የሚደረድሩት ሰዎች።

«ሮይስ! ላም ልትጠልፍ ነው?»

«አይደለም፣ ዘንድሮ ራሱ እንደ ሄሊኮፕተር ሊበር ነው!»

«ዣንጥላውን ላምጣልህ ወይ?»

የናዲን ድምፅ ተከተለ። «ምን ሆነህ ነው አንተ?»

«ወንድምሽን ጠይቂው!»

ከዚያ ስልኩን አወጣ። ያለከልካል። «ደረቁ ሰማንያ አራት። እርጥቡ ሰባ አራት።»

በሁለቱ ልዩነት ጤዛ ነጥቡን ከሠንጠረዥ አሰላሁት። ሰባ።

«አንዴ ድገምልኝ።»

ደገመው። ሰማንያ አራትና ሰባ አራት። ሦስተኛውን ሳልጠይቀው ነው ያደረገው፤ አሁን የሚሳለቅበት ድምፅ ቢኖርም አልመለሰለትም። «ያው ነው» አለኝ፤ ድምፁ ተለውጦ ነበር። «ከቀትር ጀምሮ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣብቋል። ደክሞኝ መስሎኝ ነበር።»

ትዋይላ አሥር ሰዓት ከሩብ ላይ ቅጹን ሞላችው። ማሽኑ ምንም አልተከራከረም። የሮይስን ቁጥር ከማማው ቁጥር አጠገብ አስቀምጦ፣ ሁለቱም ወዳጅ አገኙና፣ ሁለቱንም ተቀበላቸው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በየወሩ እየተመረመረ የኖረ መሣሪያ ለመታመን የአንድ ርዕሰ መምህር የጫማ ማሰሪያ አስፈለገው።

ዶክተሩ ስሌቱ እንደገና መነሳቱን ያወቀው ከተጀመረ በኋላ ነው። ትዋይላ የሆነውን ስትነግረው መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ደስ አለው።

«የጫማ ማሰሪያ?» አለ። «ሰማችሁ? በዓለም ላይ ካሉት ፈጣን ማሽኖች አንዱን በጫማ ማሰሪያ መገብነው!» ተማሪዎቹ እንደ ልማዳቸው ሳቁ። እኔ ስሌቱን ያቋርጠዋል ብዬ ነበር። አላቋረጠውም። «ይጨርስ» አለ። «መጥፎ መረጃ ጥሩ ሞዴልን እንዴት እንደሚያበላሽ ለእንግዶች ማሳያ ይሆነኛል።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ስክሪኑን አየኸው ወይስ አላየኸውም?» አለኝ።

ስሌቱ ሃምሳ ደቂቃ ይፈጃል። ሃምሳ ደቂቃ ሙሉ መሰላል ላይ ቆሜ ምንም ብልጭ ድርግም የማይል ስክሪን ሳስተካክል ቆየሁ።

ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ውጤቱ ወጣ። ከአሥራ ስምንቱ አሥራ አራቱ ከሳንድ ፎርክ በስተደቡብ ምዕራብ የሚሽከረከር አውሎ ነፋስ አሳዩ። ዘጠኙ ደግሞ ከተማው ላይ አሳለፉት፤ ከምሽቱ አንድ ሰዓት አካባቢ። ሁሉም ወደ ስክሪኑ ተጠጋ። የሚስቁት ተማሪዎች ሳይቀሩ።

የዶክተሩን ፊት አየሁት። ያየሁበት ግን ድንጋጤ አልነበረም። ጉንጩ ቀላ፣ ዓይኑ በራ፤ ሎተሪ የደረሰው ሰው ይመስል ነበር። ወንበሩን ወደ ስክሪኑ ስቦ አንደኛውን ስሌት አጎላው። «ይቺን የአውሎ ነፋሱን ጅራት፣ ይቺን መንጠቆ እዩልኝ» አለ። «እዚህ ጋ ቀዝቃዛው አየር እንዴት ተጠቅልሎ እንደሚገባ! እንዲህ ያለ ጥራት አይተን እናውቃለን? ማንም እንዳይነካው።»

«ዶክተር፣ ይህን ለማስጠንቀቂያ ክፍሉ እንላክ» አለች ትዋይላ።

«የሙከራ ውጤት ነው። ከዚህ ቤት አይወጣም። ነገ ጠዋት ስብሰባ ላይ እንወያይበታለን።»

«ነገ ጠዋት?»

«ሦስት ሰዓት ላይ።»

ትዋይላ ስልኳን አንሥታ እዚያው ፊቱ ላይ ለማስጠንቀቂያ ክፍሉ ደወለች። ደንቡን ጠቅሶ ጀመረ። ጣቷን አፏ ላይ አድርጋ ዝም አሰኘችው፤ ልክ እንደ ልጅ። በዚያ ቤት ውስጥ ካየኋቸው ነገሮች ደስ ያለኝ ያ ብቻ ነው።

እኔ ወደ ሮይስ ደወልኩ። «ሮይስ፣ ሞዴሉ አሁን —»

«ሞዴላችሁን ለራሳችሁ ያዙት» አለኝ። «ቴርሞሜትሩን ካስቀመጥኩበት ደቂቃ ጀምሮ ወንበር እያስገባሁ ነው። ወደ አዳራሹ አይደለም፤ እንደዚያ ያለ ሰፊ ጣራ ሲወርድ አይቼ አውቃለሁ። ወደ መሐለኛው ኮሪደር ነው።»

«ሰዉ ምን አለ?»

«ምን ይላል? ‹ዘንድሮም?› አሉኝ። አዎ ዘንድሮም፣ አልኳቸው። መሳቅ የፈለገ ኮሪደሩ ውስጥ ቁጭ ብሎ ይሳቅብኝ። ምረቃው ያለው እዚያ ነው፤ ሜዳው ላይ የሚመረቅ ልጅ የለም። አንድ የስንዴ ነጋዴ ሚስቱን ይዞ ሊሄድ ነበር፤ ሴት ልጁ የምትመረቀው ኮሪደር ውስጥ መሆኑን ሲያይ እየተራገመ ገባ። ናዲን ኦርጋኗን አራት ሰው አሸክማ የጽዳት ዕቃ መደርደሪያ አጠገብ አስቀምጣለች። እኔን አታናግረኝም።»

«ግን ገብታለች።»

«ገብታለች።»

ከአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል በፊት ክዳኑ ተከፈተ። ራዳሩ ላይ መጀመሪያ ጥፍር የምታህል ነጥብ ታየች፤ በሩብ ሰዓት ውስጥ ከአንድ ወረዳ በለጠች። ከትንሽ በኋላም የማስጠንቀቂያ ክፍሉ ሳንድ ፎርክን በስም ጠርቶ አዋጁን አወጣ። ራዳሩ የሚታየው ከክፍሉ ኋላ ባለው ግድግዳ ላይ ነው። ዶክተሩ ፊቱን ወደ ፊልሙ አድርጎ፣ ጀርባውን ለራዳሩ ሰጥቶ ነበር። ለተማሪዎቹ በእርሳስ እየጠቆመ፣ አውሎ ነፋሱ አንድ ሰዓት ከአምስት ላይ ምን እንደሚመስል ያስረዳቸዋል። ሰዓቱ አንድ ሰዓት ከአምስት ነበር።

«ከኋላዎ ነው፣ ዶክተር» አልኩት።

«ምኑ?»

«እውነተኛው።»

«አንዴ ቆይ» አለኝ እርሳሱን ሳያወርድ። «ይቺን ልጨርስ።»

ራዳሩ ላይ መንጠቆው ከተማውን ሲነካ ለሮይስ ደወልኩ። አይነሳም። ለናዲን ደወልኩ። መስመሩ የለም። ትዋይላ ወንበር ስባ አስቀመጠችኝ። ከዚያ በኋላ የነበረውን ሃያ ደቂቃ ስልኬን መዳፌ ላይ ዘርግቼ፣ ወለሉን እያየሁ አሳለፍኩት። ያሰብኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የቤከር ሂል ባትሪ ክብደቱ አሥራ ሁለት ኪሎ እንኳ አይሞላም።

ሮይስ ራሱ ደወለ። ከጀርባው ብዙ ሰው ይጮኻል፣ ያለቅሳል፣ ስም ይጠራል።

«አርባ ሦስቱም አሉ» አለኝ ሰላም ሳይለኝ። «ሁለት ጊዜ ቆጠርኳቸው። ናዲን አለች። አንድ የጽዳት ሠራተኛ ክንዱ ተሰብሯል፤ መስታወት የቆረጣቸው አሉ። የአዳራሹ ጣራ የለም። ትሪቡኑ ከመንገዱ ማዶ የአንድ ገበሬ በረት ላይ ተከምሯል። የከተማው ደቡብ ጫፍ እንዴት እንደሆነ አላውቅም፤ ጭስ ይታየኛል።»

እዚያ ጫፍ አንዲት መበለት ቤታቸው ውስጥ መሞታቸውን የሰማነው በማግስቱ ነው። ያን ሰዓት ግን አርባ ሦስት የሚለውን ቁጥር ሰምቼ አፌን በእጄ ያዝኩ። ትዋይላ ገብቷት ፊቷን አዞረች።

«ከሥፍራው ነው?» አለ ዶክተሩ። አሁን ነው ወደ እኛ የዞረው። «ጥሩ፣ ጥሩ። ከየት አቅጣጫ እንደገባ ጠይቀው። የእኔ ስሌት ከደቡብ ምዕራብ፣ ከሁለት መቶ ሠላሳ ዲግሪ ይላል፤ በራዳሩ ሁለት ማይል ያህል ወደ ሰሜን ፈቀቅ ያለ ይመስላል። ከዓይን ምስክር ካገኘሁት የጥናት ጽሑፌ ላይ አስገባዋለሁ።»

ስልኩን ዘረጋሁለት። «ራስዎ ይጠይቁት።»

ተቀበለኝ። ጉሮሮውን አጸዳ። «ሃሎ፣ ዶክተር ፕሬንቲስ ሃርግሮቭ እባላለሁ። ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ትብብርዎ ላመሰግንዎት —»

የሮይስ ድምፅ ስልኩን አልፎ እስከ እኔ ይሰማል። «አረንጓዴውን የላክኸው አንተ ነህ?»

«ይቅርታ?»

«ወረቀቱን ነው የምልህ። ጠዋት የመጣውን።»

«እሱ የቀደመው ስሌት ነው። የተሻሻለው ስሌት በሚገባ —»

«ስማኝ፣ ዶክተር። ስድስት መቶ ሰው ይዤ መብራት የሌለው ኮሪደር ውስጥ ነኝ። ስንት ማይል እንደተሳሳትክ ማወቅ ከፈለግህ መኪና አስነሣና መጥተህ ለካ። ሲመጣ ሁላችንም ፊታችንን ወለሉ ላይ ደፍተን ነበር፤ አቅጣጫውን ያየ የለም።»

መስመሩ ተቋረጠ። ዶክተሩ ስልኩን ትንሽ ይዞት ቆየ፤ ከዚያ መለሰልኝ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ኖሮ ትንሽ አከብረው ነበር። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ የዕለቱን የሙከራ መዝገብ ከፈተና መጻፍ ጀመረ። የመኪናዬን ቁልፍ ከጠረጴዛው ላይ ላነሳ በኋላው ሳልፍ አነበብኩት።

«በሞዴሉ የተገኘው ውጤት እጅግ አበረታች ነው» ይላል። ከሥሩ ደግሞ፣ «የአውሎ ነፋሱን መስመር ለማረጋገጥ ከአካባቢው ታዛቢ መረጃ ተጠይቋል። ታዛቢው ለመተባበር ፈቃደኛ አልሆነም።»

«ካቻቢቴ» አለኝ ቀና ሳይል፣ «የሰውየው የአባት ስም እንዴት ነው የሚጻፈው?»

ፊደል በፊደል ነገርኩት። ሁለተኛውን ተሳሳተ። ላርመው አፌን ከፈትኩ፤ ግን ሮይስ በትክክለኛ ስሙ እዚያ መዝገብ ውስጥ መገኘት የሚፈልግ ሰው አልመሰለኝም። እንደተሳሳተ ትቼው ወጣሁ። ሳንድ ፎርክ የሁለት ሰዓት ተኩል መንገድ ነው፤ ኮሪደሩ ውስጥ መብራት የለም፣ እኔ ደግሞ የተቆረጠ ሽቦ መቀጠል አውቃለሁ።